ልብስ ሰፊውና የቦኖው ከሰል

ሰፈሩ «ኩሩው» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ከኋላው ሲጠሩት ዘወር አይልም፤ መላ ሰውነቱን እንደ ቁም ሳጥን ይዞ ነው የሚዞረው። «አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው» ብለው የተረቱበት ጎረቤቶች ብዙ ናቸው። ሐኪሞቹም «ብርድ ነው፣ ስፌት ላይ ማጎንበስ ነው» እያሉ በቅባት ሸኙት።

እውነቱን የነገረችው ላብራቶሪ የምትሠራው ልጁ ናት። የሰፈሩን ውሃ አስመርምራ መጣችና፣ «አባዬ፣ ፍሎራይድ በዝቶበታል። የኛን ጥርስ ያበለዘው፣ ያንተንም አጥንት ያደረቀው እሱ ነው» አለችው።

ደሙ ፈላ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ የወንዙን መስሎኝ! በብርጭቆም ነው ለካ!»

ልጅቱና ባልደረቦቿ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ከሰል ሠሩ። የማንደጃ ከሰል አይደለም፤ ፍሎራይዱን ይዞ እንዲያስቀር የተዘጋጀ ነው። በርሜል ሞልተው ቦኖው ላይ ገጠሙት። «ከሰሉ ፍሎራይድ ሲጠግብ ካልተለወጠ በርሜሉ ጌጥ ነው» ብላ ለውሃ ቢሮ አስረከበች። ቢሮው ሪባን ቆርጦ፣ አጨብጭቦ ሄደ። በዚያው ቀረ። ወራት አልፈው ልጅቱ ደግማ ስትለካ ውሃው ወደ ጥንቱ ተመልሷል።

አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ ጨርቁን ይዞ ኮት ሊለካ ሱቁ ገባ፤ በሌላው እጁ የታሸገ ውሃ ይዟል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ትከሻው ላይ እንደዘረጋ፣ «የከሰሉ ነገር የት ደረሰ?» አለው።

«በሂደት ላይ ነው ጋሼ። ደግሞ ውሃው ምን ይወጣለታል? ኩልል ያለ!»

ልብስ ሰፊው ከጆጉ ቀድቶ ብርጭቆውን ኃላፊው አፍንጫ ሥር ደቀነው። «እንካ። ከቦኖው ነው።»

«አሁን ጠጣሁ እኮ...»

«የጠርሙሱን ነው የጠጣኸው! ለኛ ኩልል ያለው ላንተ ጊዜ ጉሮሮ ላይ ይቆማል? ጨርቅህን ይዘህ ውጣልኝ!»

ጨርቁን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ወረወረለት። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ እኮ ነው!» ብትል፣ «እርቃኑን ይሂድ!» አለ።

ከሰሉ የተለወጠው ሰፈርተኛው ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ቢሮው በር ላይ ከተኮለኮለ በኋላ ነው። ይቅርታ ያለ የለም። ልጁ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አይብስብህም፤ የደረቀው ግን አይመለስም» አለችው። ጎረቤቶች «ተመስገን በል እንጂ» ሲሉት፣ «ተመስገንስ ለፈጣሪ! ለነዚህ ግን እንደተቆጣሁ እሞታለሁ» ይላል። ከሰል መለወጫው በተቃረበ ቁጥር ቢሮው ደጅ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ጥበቃው ከሩቅ ሲያየው፣ ሳይጠይቀው በሩን ይከፍትለታል።