ቆመው ያደሩ በርሜሎች

የሚመታችሁ ሰው እውነት እንዳለው እያወቃችሁ ተመትታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተመትቻለሁ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጠዋት፣ በወፍራም ዱላ። ግራ እጄ ከክርኑ በታች የተሰበረው ያን ዕለት ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንበጣው የመጣው ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን ነበር። ሲያርፍ አገዳው ከክብደቱ የተነሳ ይጎብጣል፤ ሲበላ ድምፁ በደረቅ ሣር ላይ የተለቀቀ እሳት ይመስላል። ሰው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጠመንጃ ያለው ወደ ሰማይ እየተኮሰ ሲሮጥ ይውላል። ትምህርት ተቋርጦ እኛ መምህራንም ከተማሪዎቻችን ጋር ከማሳ ማሳ ስንጮህ ሰነበትን። በዱላ የደቆስነው አንበጣ ልብሳችን ላይ ይደርቅ ነበር፤ የቀረው ግን አልጎደለም።

በኋላ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን መጣች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ እንደ ባጃጅ በተራ ቤንዚን የምትሠራ ናት። በመንገዱ ዳር ያለ ጠፍ መሬት ተደልድሎላት አረፈች። ስምንት በርሜል ቤንዚኗ ደግሞ አጠገቡ ባለው ትምህርት ቤታችን ግቢ ወረደ። ፊዚክስ ስለማስተምር ይሁን የመጋዘኑን ቁልፍ ስለምይዝ፣ ኃላፊው እኔ ሆንኩ።

ከአውሮፕላኗ ጋር የመጣው መካኒክ በርሜሎቹን በሁለት አጣና ላይ አጋድሞ ነበር ያስቀመጣቸው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የተዝረከረከ ነገር አልወድም። እሱና አብራሪው ለአዳር ወደ ቆቦ ሲመለሱ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ሆኜ በርሜሎቹን አንድ በአንድ አቆምኳቸው፤ በመስመር ደረደርኳቸው፤ በጠመኔ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ሌሊቱን ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስደርስ በየበርሜሉ አናት ላይ፣ ጠርዙ አግዶት፣ ውሃ ተኝቷል። በጨርቅ ጠራረግኩትና ረሳሁት።

አንበጣ ሌሊት ብርድ ይይዘዋል። አገዳ ላይ ተጣብቆ ያድራል፤ ፀሐይ እስክታሞቀውም አይነሳም። መድኃኒቱ የሚረጨው በዚያች ሰዓት ነው። ያን ዕለት መንጋው ያደረው ከአውሮፕላኗ ማረፊያ አጠገብ ባለው የአንድ ገበሬ ማሽላ ላይ ነበር። ገበሬው ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን ሰው ነው። ገና ሳይነጋ መጥቶ የማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል።

«መምህር፣ የዓመት ቀለቤ በዚች ትንኝ እጅ ነው» አለኝ አውሮፕላኗን በዱላው እያሳየ። «ወላሂ፣ ይሄን ካተረፈችልኝ በግ አርድላታለሁ።»

መካኒኩ በእጅ ፓምፕ ከበርሜል እየሳበ ታንኩን ሞላ። ትንሽ ቆየና ከታንኩ ሥር ካለችው ማፍሰሻ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ቤንዚኑ ከላይ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ። ደፍቶ እንደገና ቀዳ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

«አትነሳም» አለ። «ታንኩ ይራገፋል፣ ፊልትሮው ይወጣል፣ ሁለቱም ካርቡሬተሮች ይታጠባሉ።»

ገበሬው ሰምቶ መጣ። ከኋላው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተከተሉት።

«ምን ሆነች?»

«ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ አባቴ» አልኩት።

«ውሃ? የኔ ግመል የጎሊናን ወንዝ በጎርፍ ይሻገራል። ይቺ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፈርታ ቆመች?»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

መካኒኩ ታንኩን ማራገፉን ሳያቆም «ውሃ አይነድም» አለ። «ከመሬት እንደተነሳች ሞተሩ ውሃውን ከሳበ ይጠፋል። ትወድቃለች።»

«ትውደቃ። የኔው ወድቋል።»

«ሰው አለባት።»

«እኔስ ቤት ሰው የለም? ሰባት ነፍስ!»

የመጀመሪያው ዱላ መካኒኩ ጀርባ ላይ አረፈ። ጎንበስ አለ እንጂ የያዘውን ቱቦ አልለቀቀም። ሁለተኛው የፓምፑን እጀታ ሰበረው። ከሰዉ መሀል የተወረወረ ድንጋይ የአውሮፕላኗን የፊት መስታወት ሰነጠቀና አብራሪው ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ተጠለለ።

«ሸጠውታል!» አለ አንዱ። «ቤንዚኑን ሸጠው በውሃ ሞልተውታል።»

ይህች ቃል በቂ ነበረች። መካኒኩን አንገቱን ይዘው ጎተቱት። አንዱ አፍንጫውን በቡጢ ሲለው ደሙ ቱታው ላይ ወረደ። በዚያ ሁሉ መሀል አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እኔ አየና «በርሜሎቹን ማን አቆማቸው?» አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ከዘበኛው በቀር ያየኝ ሰው አልነበረም። ግን ዓይኔ እያየ ሰውየውን ሊገድሉት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አልሸጠም። እኔ አቆምኳቸው።» ከዚያም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ማስረዳት ጀመርኩ። «ቀን በርሜሉ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በክዳኑ ክር በኩል ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ...»

ዱላው እዚያ ላይ ደረሰ። እጄን ለመከላከያ ሳነሳ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ወድቄ ደግሞ ጎኔን። ገበሬው እየመታኝ ያለቅስ ነበር። ያቋረጠኝን ትምህርት ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ያገኘውን፣ በርሜሉ አናት ላይ የተኛውን ውሃም ጭምር፣ በክዳኑ ክር ወደ ውስጥ ይስባል። በተኛ በርሜል ላይ ግን ውሃ አይጠራቀምም፤ ክዳኑም ከውስጥ በቤንዚን ስለሚሸፈን አየር አይስብም። መካኒኩ አጋድሞ የተዋቸው ለዚህ ነበር።

ድንገት ዱላው ቆመ። ፀሐይዋ ሞቃለች፤ መንጋው ተነስቷል። ግማሹ እንደ ቀይ አቧራ ሲከንፍ ግማሹ ከአገዳ ወደ አገዳ እየዘለለ መብላት ጀመረ። ገበሬው እኔን ትቶ ወደ ማሳው ሮጠ። በዚያው ዱላ ግራና ቀኝ ሲመታ፣ አንበጣውንም አገዳውንም አንድ ላይ ሲሰባብር መሬት ላይ ተኝቼ አየሁት። ሰዎቹም መካኒኩን ለቀው ተከተሉት። ታንኳና ካርቡሬተሮቿ ታጥበው፣ ውሃው የተለየለት ቤንዚን ተሞልቶላት አውሮፕላኗ ስትነሳ ማሳው ላይ የቀረው ባዶ አገዳ ነበር። መንጋውን ከዋጃ ማዶ ደርሳ ረጨችው።

ወጌሻ እጄን አሰረልኝ። ሽማግሌዎች «የመታህ እሱ ነው፣ እርቅ መለመን ያለበትም እሱ ነው» አሉ። እኔ ግን ራሴ ሄድኩ። ገበሬው የተራቆተውን አገዳ ለከብት እያጨደ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ የታሰረውን እጄን አየ።

«እጅህ ይድናል» አለኝና ማጨዱን ቀጠለ።

በራያ ቆላ ለውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ለባጃጅ፣ ለወፍጮ ነዳጅ የማያስቀምጥ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሞተራችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ከታንኩ ሥር ትንሽ ነዳጅ ጥርት ባለ ብርጭቆ ቅዱ። እስኪረጋ ጠብቁና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ከታች የተለየ መስመር ካያችሁ፣ ማንም ቢጮህባችሁ፣ አራግፉት። እስቲ ሞክሩት።