በንጉሥ አምላክ የቆሙ በሬዎች

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ሌሊቱን የጣለው የሰኔ ዝናብ መናኸሪያውን አጨቅይቶታል። ተራ አስከባሪው «ወረታ፣ ወረታ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው። ውሸት በጠዋቱ ተጀመረ አልኩና ገባሁ። እኔም የምሄደው ልዋሽ ስለሆነ በሰው አልፈርድም።

ነገሩ ይህ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ሁለት ታናናሾች አሉኝ። እህቴ፣ ስሟ ጥሩ፣ ባሏ የሞተባት ናት። የሁላችን ታናሽ ታከለ ደግሞ አራሽ ነው። አባታችን ሊሞት ሲል መሬቱን ለሁለቱ ሲያካፍል አልጋው ሥር የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። «ከሾላው ወዲህ የጥሩ፣ ከሾላው ወዲያ የታከለ» አለ። ያለው ይህን ነው፤ ሌላ አላለም። ጥሩ ግን ከሾላው ወዲያ ያለችውን ሃያ እርምጃ ትፈልጋለች። ውኃ የምታቁር፣ ሩዝ የምትሰጥ እሷ ናት። የራሷ ድርሻ ደረቅ ነው፤ ሦስት ልጅ አያበላም።

መጋቢት ላይ ባሕር ዳር ድረስ መጥታ አለቀሰችብኝ። ጽሑፍ ቤት ገባን፤ «አባቴ ሃያውን እርምጃ ለጥሩ ሰጥቷል» የሚል ቃል አስተየብኩና ፈረምኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ፊርማዬን እንደ ልጅ እወዳታለሁ። ለውሸት ስሰጣት ግን አልሳሳሁላትም። የፈራችው እህቴ ነበረች። «ኋላ በመሐላ ቢይዙህስ፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ። «ማንን ነው የምትፈሪ? ንጉሡ ሞቷል። ቤተ ክርስቲያኑም ጉልቱን ተቀምቶ ደጁ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት።

ፍርድ ቤቱ ለእሷ ፈረደ። ታከለ ወረቀቱን አይቶ «አላውቀውም» አለ። ነገ በሬ ሊያስገባ ነው ተብሎ ተደወለልኝና ፊቱ ቆሜ «አባታችን ብሏል» ልለው እየሄድኩ ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሐሙሲት

ሻይ ከዳቦ ጋር ሠላሳ ብር። ዳቦው የትናንት ነው። መንገዱ ዳር ቲማቲም በሣጥን፣ ዶሮ እግሯ ታስሮ፣ ዝናብ የመታው ቃሪያ።

ሾፌሩ ከመስተዋቱ ላይ ሁለት ሥዕል ለጥፏል፤ አንደኛው የሚካኤል፣ ሌላው ዘውድ የደፋ ንጉሥ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም።

«ይኸ ንጉሥ ማነው?» አልኩት።

«ስሙን እንኳ እንጃ፣ አባባ። ዘውዱ አምሮኝ ገዛሁት። ንጉሥ ቢኖረን ግን እንዲህ አንሆንም ነበር።»

«አንተ ታውቀዋለህ ንጉሥ?»

«እርስዎ ያውቁታል?»

«አባቴ ያውቀው ነበር። በጀርባው ይሸከመው ነበር።»

ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም። አባቴ ከአዝመራው የንጉሡንም የደብሩንም ድርሻ በስልቻ ተሸክሞ ሲያስገባ ከኋላው እሄድ ነበር። ስልቻውን የሚቀበለው የደብሩ ንብረት ጠባቂ፣ ገበዙ ነበር፤ የገበዙ ልጅ ፊደል ሲቆጥር እኔ ከብት ከአዝመራ እከለክል ነበር። ስለዚህ ሰው ንጉሥ ናፈቀኝ ሲለኝ ትከሻዬን ያመኛል።

ከሐሙሲት በኋላ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ከዚያ ጉማራ። ወንዙ ሞልቷል፤ የፎገራን አፈር ይዞ ወደ ጣና ይወርዳል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ወረታ

የወረታ ድምፅ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ነው። ገለባው እንደ ጉም ተንኖ ሰው ላይ ይወርዳል። ሽንኩርት በከረጢት እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተደርድሯል፤ ባጃጅ በመሐሉ ይሹለከለካል። ዳሌያቸው የሰፋ የፎገራ ላሞች መሐል መንገድ ላይ ቆመው ከባድ መኪና ያስቆማሉ።

ርቦኝ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጇ እንደ ታመመ ሰው አየችኝ።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ያውም ሰኔ ጾም።»

«ለእኔ ረቡዕ አይደለም።»

«ለእርስዎ ባይሆን ለድስቱ ነው።»

ሦስት ቤት ዞርኩ፤ ሦስቱም ድስት ጿሚ ነው። ሽሮ በሩዝ እንጀራ በላሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የመንግሥት ታሪፍ ማኅተም ተመትቶበት ተለጥፎ ነበር፤ ሾፌሩ ከዚያ በላይ አስከፍሎናል፤ አንድም ሰው አልተናገረ። ረቡዕን ግን ማንም የለጠፈው የለም። ይኸ ነገር አናደደኝ፤ ሽሮው ግን ጥሩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሾላው ሥር

ትናንት ባጃጁ ጭቃ ፈርቶ መንገድ ላይ ጥሎኝ፣ ጥቁሩን አፈር በእያንዳንዱ እግሬ እየተሸከምኩ ነው ጥሩ ቤት የገባሁት። ዛሬ ፀሐይ ሳትወጣ የታከለን ጅራፍ ሰማን።

ሁለት በሬ ጠምዶ ከወዲያ በኩል እያረሰ ወደ ሾላው ይመጣል። ተጣራሁ።

«ታከለ! ፍርድ ቤት የፈረደበት መሬት ነው!»

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ» አለኝ፤ እርፉን ሳይለቅ። «ፍርድ ቤቱ በሬ አለው እንዴ? ይምጣና ይረስ።»

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩለት። ጮክ ብዬ፣ ሳልደናቀፍ አነበብኩ። ማኅተሙ ጋ ስደርስ እሱ አንድ ትልም ጨርሶ ዞሯል። በሬዎቹ ሃያዋ እርምጃ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ጥሩ ሮጣ ፊታቸው ቆመች። ነጠላዋ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«በንጉሥ አምላክ! ቁም!»

ታከለ ቆመ። በሬዎቹም ቆሙ። ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ይኸን ቃል ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል። ድሮ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው አንድ እርምጃ ከጨመረ በዳዩ እሱ ነው። የከተማው ሰው አሁን በሕግ አምላክ ይላል፤ ጥሩ ግን ከእናታችን የሰማችውን አልለወጠችም። ታከለ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲወለድ ንጉሥ አልነበረም።

«የትኛውን ንጉሥ ፈርተህ ነው የቆምከው?» አልኩት።

«ንጉሥ አላየሁም፣ ጋሼ። ከተባለ ግን አይታለፍም።» ከዚያ ወደ ጥሩ ዞረ። «እኔ ቆሜልሻለሁ። እንግዲህ ጋሼ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ደጅ ዘግቶ ይማል። ከማለ፣ ይህችን መሬት ዳግም አልረግጣትም። ልጆቼም አይረግጧት።»

ጥሩ አየችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ነገሩ አለቀ ብላ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት፣ የሚካኤል ደጅ

በእኛ አገር መሐላ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይከፈታል፤ የሚምለው ሰው «ይህን ብዋሽ የሰማይ ደጅ እንዲህ ይዘጋብኝ» እያለ በገዛ እጁ ገፍቶ ይዘጋዋል። ሌላ ነገር የለም። ማኅተም የለውም፤ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ደጁን የከፈቱልን መምሬ ይትባረክ ናቸው። የዚያ የገበዙ ልጅ፣ እኔ ከብት ስከለክል ፊደል የቆጠሩት። ሰባ ሊሞላቸው ነው። ጋቢያቸው ተጥፏል፤ ጫማቸው የዝናብ ቦት ነው። ስልቻ የሚያስገባላቸው የለም፤ እሳቸውም እንደ ማንም ሩዝ ይዘራሉ። ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ የሚጠላ ነገር አጣሁባቸው።

«ከባሕር ዳር ድረስ መጣህ?» አሉኝ።

«መጣሁ፣ መምሬ።»

«በል፤ ደጁ ያውልህ።»

እጄን ሳንቃው ላይ አደረግኩ። የወይራ ነው፤ በስንት ሰው እጅ ለስልሷል። ከኋላዬ ጥሩ፣ ታከለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። አሁን የማምነው ነገር እንዳለ እንዳይመስላችሁ። ከትናንት ወዲያ ብትጠይቁኝ ደጅ እንጨት ነው እላችሁ ነበር፤ ዛሬም እንጨት ነው። ግን አፌን ስከፍት የመጣው የአባቴ ድምፅ ነው። ከሾላው ወዲህ፣ ከሾላው ወዲያ።

ቆምኩ። ዝናቡ መጣ።

«ዝጋው እንጂ» አሉ መምሬ፣ «ውኃ እየገባ ነው።»

«አልችልም።»

«እጅህ ነው እምቢ ያለ?»

«አፌ ነው፣ መምሬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ደጁን ራሳቸው መለሱት፤ ቀስ ብለው፣ ለዝናቡ ያህል ብቻ። ታከለ አልሳቀም፤ አልሰደበኝም። ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። እስከ ሾላው አርሶ፣ ከሾላው ወዲህ አንዲት ጋት ሳይነካ ፈታ።

ዓርብ ጠዋት፣ አስፋልት ዳር

ጥሩ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ፊት ፊቴ ነው የምትሄደው። በፌስታል ሁለት ኪሎ የሚሆን ሩዝ ይዛለች፤ ዘመድ ባዶ እጁን አይሸኝም።

«ፍርዱ እኮ አሁንም በእጅሽ ነው» አልኳት። «ቃሌን አላነሳሁም። ወረቀቱ ያንቺ ነው ይላል።»

«ማን ያርስልኛል? ትናንት ደጅ ላይ የሆነውን አገር ሰምቷል። ወረቀቱን ይዤ ያችን መሬት ብረግጥ ስሞት የሚቀብረኝ የለም።»

ሚኒባሱ ከሩቅ ታየ። ፌስታሉን ሰጠችኝ።

«እኔ ስፈራ ነበር፣ ወንድምዓለም። ንጉሡም ሞቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ብቻ ነው ብለህ ፍርሃቴን ያስጣልከኝ አንተ ነህ። የሚፈራ ሰው መሆንክን ብትነግረኝ ኖሮ ታከለን ለምኜ እካፈል ነበር። ወንድሜ እኮ ነው። ይሰጠኝ ነበር።»

ፌስታሉን አቅፌ ገባሁ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት፣ ባሕር ዳር

መንገዱን ሁሉ ሩዙን ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። ወረታን፣ ሐሙሲትን አላየኋቸውም። መናኸሪያው ደርቋል፤ ያ ተራ አስከባሪ አሁንም አንድ ሰው የቀረው ይላል። ርቦኛል። ደጃፉ ላይ ያለው ምግብ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ አለኝ።

ሽሮ አልኩት። ሥጋ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።