የአባቴ ትንሿ ጣት

ትንሿ ጣቴ የጠመንጃ ዘይት በሸተተች ቁጥር፣ ሰሊጥ ከተሰበሰበ በኋላ ሽንፋ ላይ የሚደረገው የኢላማ ውድድር ይመጣብኛል። አባቴ ማንም ሳይከፍለው የተኩሱ ተቆጣጣሪ ነበር። ፊሽካ ነፍቶ ተኩሱን ካስቆመ በኋላ፣ የእያንዳንዱን ጠመንጃ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በትንሿ ጣቱ ሳይዳስስ ማንም ወደ ኢላማው አይሄድም ነበር።

አንድ ቀን ግን ፊሽካው እንደተነፋ፣ የአጎቴን ምት ልቆጥር ፍተሻውን ሳልጠብቅ ሮጥኩ።

«ባዶ ነው! ታላቅ ወንድምህን ልትፈትሽ?» ብለው አጎቴ ሲቆጡ ሰማሁ።

«ጠመንጃውን ነው፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

ዞር ስል አፈሙዙ ወደ እኔ ነው። የአባቴ ጣት ጥይት ነካች።

ጥይቱን አውጥቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ፤ መዳፌ ላይ አኖረውና «አልዋሹም፤ ረስተው ነው» አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ፊሽካው እኔ አንገት ላይ ነው። አባቴ ተኩሶ ጨረሰና «ባዶ ነው፣ ልጄ» አለኝ።

ትንሿን ጣቴን ከተትኩ።