የተመልካች ስልክ

አባቴ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ያጣው ጎልፍ እያየ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። በእርግጥ ዓይኑን ጎልፍ አላጠፋውም፤ ጎልፍ ደበቀለት እንጂ። እኔ ልጁ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሬው እየኖርኩ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ በየቀኑ ፊት ለፊቱ እየተቀመጡ፣ ዓይኑ ቀስ እያለ ከእጃችን ሄደ።

የምንኖረው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ነው። አባቴ ሊሙ ገነትና ሸቤ ላይ ዳኛ ነበር። መንግሥት ተለውጦ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን፣ እንደ ልቡ የሚናገረውን ቋንቋ በወጉ መጻፍ አልሆንልህ አለውና ጡረታ ወጣ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሐጂ አጥራችን የሚዋሰን፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሸቤና ከሊሙ ቡና ሲያስጭኑ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ሥራውን ለልጆቻቸው ለቀው ነበር። አባቴን «ዳኛው» ነው የሚሉት፤ የጡረታ ደብዳቤ እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

ዲሹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ክረምት ነፋስ ሳህኑን አዞረውና ሊያስተካክል የተጠራው ሰው «ነገ እመጣለሁ» አለ። የጅማ ጠጋኝ ነገ ካለ እንግዲህ ዕድሜ ይስጠን ነው። በደህና የቀሩልን ሐጂ የመካን ሶላት የሚያዩበት አንድ የዐረብ ጣቢያና አንድ የስፖርት ጣቢያ ብቻ ሆኑ። የስፖርቱ ጣቢያ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ጎልፍ ያሳያል።

መጀመሪያ ሳቁበት። ሐጂ ያን ሁሉ ሣር አይተው አንድ ላም እንኳ የማይገባበት ምን ዓይነት አገር ነው ብለው ተገረሙ። ቀጥለው ግን ሁለቱም ተያዙ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ የሚባለውን እተረጉማለሁ። አባቴን የማረከው ተጫዋቹ አጠገብ ዳኛ አለመኖሩ ነው። ሰውዬው ስንት ጊዜ እንደመታ ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ላይ ይመሰክራል፣ መጨረሻ ላይ ካርዱ ላይ ይፈርማል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በእግዚአብሔር ስም እየማለ ሲክድ የሰማ ዳኛ ይህን ሲያይ የሆነ ነገር አንጀቱን ያርሰዋል።

ሌላም ምክንያት እንደነበረው ያወቅሁት ኋላ ነው። የጎልፍ ኳስ ከተመታች በኋላ ማንም አያያትም። አባቴ «የት ወደቀች?» ይላል፤ ሐጂ «እኔም አላየኋት» ይላሉ፤ እኔም አላየኋትም። እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ያስነቃበት ነበር። እግር ኳስ ማየት ትቶ ነበርኮ፤ የዛሬ ልጆች ጨዋታ አያውቁም እያለ። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ማን ዓይኑን ይጠረጥራል?

አንድ እሑድ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ያ ክርክር የተነሣው ከዚያ ነውና። አንድ ተጫዋች ሲመራ ሰንብቶ ለዋንጫው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዋዜማው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ኳሱን ለማጽዳት አንሥቶ መልሶ ሲያስቀምጣት፣ ከነበረችበት በጣም ትንሽ ፈቀቅ አድርጓታል። አብሮት የሚጫወተው አላየም፤ ራሱም ልብ ያለው አይመስልም። ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያይ አንድ ሰው ግን አይቶ፣ ደውሎ ጠቆመ። በማግስቱ ሰውዬው እየተጫወተ እያለ መጥተው ቅጣት ተጨምሮብሃል አሉት። ፊቱ ሲለዋወጥ በደንብ አሳዩት። ዋንጫውም ቀረበት።

ይህን ስተረጉምላቸው አባቴ ጉልበቱን መታ አድርጎ «ደግ አደረገ» አለ። ሐጂ ግን ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«ወላሂ ዳኛው፣ ይኼ ሰውዬ ሥራ የለውም? ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሰው ነውር ይለቅማል?»

«ሶፋ ላይ ቢሆንም ያየውን ያው አይቶታል» አለ አባቴ።

ሐጂ የሰውን ነውር የሸፈነ አላህም የእሱን ይሸፍንለታል ተብለው እንዳደጉ ተናገሩ። አባቴ ደግሞ ያየውን የሸፈነ ምስክር ከሐሰተኛ ምስክር አይሻልም አለ። በዚያ ቀን ሐጂ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት የሄዱት ተኳርፈው ነው። ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ ያሰቡትን ይዘው መጡ፤ ካሜራው የሚከተለው የሚመራውን ሰው ብቻ ነው፤ ከኋላ ያሉት ኳሳቸውን ወዳሻቸው ቢያስቀምጡ ማን አያቸው? ፍርዱ የት ላይ ነው? አባቴም እንደ ለመደው ቀጠሮ ሰጠበት። ክርክሩ ግን በቀጠሮ አልበረደም፤ ወደ እድርም ሄደ፣ ወደ መስጊዱ በርም ሄደ። ጎልፍን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በሰፈራችን ለሁለት ተከፈለ።

ሐጂ ያገኙት ጠንካራ መከራከሪያ ከዳማ የመጣ ነው። ሁለቱ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ሰሌዳውን አባቴ ሸቤ ሳለ አናጢ የሠራለት ነው። ሐጂ የቢራ ቆርኪ አልነካም ስላሉ ጠጠሮቹ ሁሉ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ተደፍቶ። ደንቡ ቀላል ነው፤ መብላት የሚችል መብላት አለበት፤ ሳይበላ ካለፈ፣ ባላጋራው ካየበት ቆርኪውን ያነሣበታል፤ ካላየበት አለፈ። ዙሪያውን የቆመ ሰው ግን ምንም ቢያይ ትንፍሽ አይልም። ከተናገረ ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ይህን ቅጣት የደነገገው አባቴ ራሱ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ። ሐጂም፣ በዳማ ተመልካች አፉን ከዘጋ በጎልፍ ለምን ይከፈትለታል ብለው ያዙት። አባቴ ዳማ ፊርማ የለበትም አለ። ራሱም ያላመነበት መልስ እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ፣ ከአባቴ በስተቀኝ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ቀና ስል የአባቴ አንድ ቆርኪ በቀኝ ጠርዝ በኩል መብላት ትችላለች። ልጅ የማያልፈው ነገር ነው። አባቴ ግን ሌላ ቆርኪ አንቀሳቀሰ። ሐጂ ቆርኪዋን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ እጃቸው ሊያነሣት ወጣ፤ ወዲያው ጺማቸውን እከክ አድርገው የራሳቸውን ተጫወቱ። ጥቂት ቆይቶ ይኸው ነገር በዚያው በቀኝ በኩል ተደገመ። ሐጂ አሁንም አለፉት።

ተናደድኩ። እያዘኑለት ሆን ብለው ይሸነፉለታል ብዬ ነው። አባቴ ደግሞ በምሕረት ከሚያሸንፍ ቢሸነፍ ይመርጣል። ያ ሁሉ የጎልፍ ክርክርም ጆሮዬ ውስጥ ነበርና ደንቡን ጣስኩት።

«ሐጂ፣ ያቺን ቆርኪ ለምን አላነሷትም?» አልኳቸው።

አባቴ «የቷን?» አለ።

«በቀኝህ፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን።»

አባቴ ዞረ። የዞረው ዓይኑ አይደለም፤ ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱ ሙሉ ነው የዞረው። እንደዚያም ሆኖ አላገኛትም። በእጁ ሲፈልግ ሌላ ቆርኪ ገፍቶ መሬት ጣለ።

«ተይ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ ሐጂ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከአነጋገራቸው ሁሉንም ነገር ቀድመው እንደሚያውቁ ገባኝ።

አባቴ ሰሌዳውን ከፊቱ ቀስ አድርጎ ገፋው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ካለፈው ረመዳን በፊት» አሉ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው።

እኔን ደግሞ «አንቺ ሻይ ትገዢያለሽ» አለኝና ተነሥቶ ገባ። ሲገባ ቀኝ ትከሻው መቃኑን መታው። ይኸ ትከሻ የበሩን መቃን ሲመታ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እርጅና ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። የዓይን ክፍሏ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ፣ ግፊቱ ነርቩን ገድሎታል፣ የቀኙ አይመለስም አለች። ግራውም ከዳር ከዳር መጥበብ ጀምሯል፤ ጠዋትና ማታ ጠብታ ካደረገ ግን የቀረችውን ማቆየት ይቻላል። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለች፤ እኛን ለመውቀስ ሳይሆን ለሁሉም እንደምትለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ አስተርጉሜያቸዋለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ሆነን ሐጂ ላይ ያለኝን ሁሉ አወረድኩት። ካለፈው ረመዳን በፊት! ያኔ አንዲት ቃል ቢተነፍሱልኝ ኖሮ! አባቴ እስክጨርስ ጠብቆ እሱም ያውቅ እንደነበር ነገረኝ። አንድ ጠዋት ሲላጭ አረፋ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባና ጨፈነው፤ ያኔ መስተዋቱ ውስጥ ፊቱን አጣው። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ማየት የማይችል ሰው ለሽምግልና አይጠራም አለኝ። ብቻዬን ከቤት እንዳልወጣ ታደርጊኝ ነበር፣ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት አልተነጋገርንም። እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አድርጌ አለቀስኩ፤ በግራው በኩል ተቀምጬ ስለነበር ያየኝ ይመስለኛል።

ሐጂ ጥቂት ቀን ጠፉ። እኔም አጥር ላይ ሳገኛቸው ሰላምታዬን አሳጠርኩባቸው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝን ሰው። ከዚያ አንድ ከሰዓት መጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ዳኛው፣ ያወቅሁ ለት ለልጅዎ መንገር ነበረብኝ» አሉ። «ነውር መስሎኝ ሸፈንኩት። በሽታ ነው እንጂ ነውር አልነበረም። አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ።»

አባቴ ድምፁ ወዳለበት አንገቱን አዞረ። «እኔም ሸፍኜዋለሁ። አንድ ላይ ነው የሸፈንነው። ይቀመጡ።»

ሐጂ አሁንም አልተቀመጡም። ጠብታው መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠዋትና ማታ ነው አልኳቸው። ጠዋት እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት አደርግለታለሁ፣ ማታ ግን ድክም ብሎኝ ስለምገባ እረሳዋለሁ ብዬ እፈራለሁ አልኩ። ነገሩን ለማርዘም ያህል እንጂ ምክር ፈልጌ አልነበረም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ከዚያ በኋላ ተቀመጡ።

በዚያው ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሐጂ ናቸው፤ በአጥር ማዶ ሆነው ነው የሚደውሉት። «ጠብታው?» አሉ። ገና ነው አልኳቸው። ለአባትሽ ስጪልኝ አሉ፤ እነሱ ሲያወሩ እኔ ጠብታውን ጨምሬለት አለቀ። በማግስቱም ደወሉ። በሳምንቱም ደወሉ። ሊሙ ገነት ለሠርግ ሄደው ኔትወርክ የለም ሲባል አንዱ ፎቅ ላይ ወጥተው ደወሉ። አባቴ ስልኩ ሲጮኽ ራሱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ «ተመልካቹ ነው፣ አንሺው» ይለኛል።

ዳማውም ቀጠለ፤ ደንቡ ላይ ግን አባቴ ብይን ሰጠበት። ከእሱ በስተቀኝ የተቀመጠ ሰው በቀኝ በኩል ያየውን መናገር ይችላል፤ በግራ በኩል ያየውን ከተናገረ ግን ሻይ ይገዛል። ሐጂ ይግባኝ አላሉም። ከዚያ ወዲህ በስተቀኝ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሻይም ብዙ ገዝቻለሁ።

ጠብታው ግራ ዓይኑን አቆይቶታል። አሁንም ጋዜጣ አቅርቦ ያነብባል፤ ለሽምግልናም ይጠሩታል፤ መንገድ ላይ ሐጂ በቀኙ ሆነው ይሄዳሉ። የጎልፍ ሰዎች ከእንግዲህ ተመልካች የሚጠቁመውን አንቀበልም ማለታቸውን የሰማሁት ይህ ሁሉ ከሆነ ከቆየ በኋላ ነው። ሐጂ ያን ያህል የተከራከሩበትን ረተዋል ማለት ነው። ማታ ሲደውሉ ስልኩን አንሥቼ የምሥራች አልኳቸው፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚደውል ሰው ከአሁን በኋላ ሰሚ የለውም፣ እርስዎ ያሉት ሆነ አልኳቸው።

«ኤየ፣ አዎ፣ የእነሱ ዓይን ደኅና ነው» አሉኝ። «ለአባትሽ ስጪልኝ።»

ሰጠሁት።