ፔኪንግ ላይ ስለ አዝመራ ጠየቁን

መካነ ሰላም፣ ኅዳር፣ ንጋት ላይ

ገና ወገግ ሳይል አባቴ ሻንጣዬን በቅሎዋ ላይ በጠፍር አሰረና «በል ቅደም፣ ፀሐይ ሳትበረታብን» አለኝ። ቻይና ወዴት እንደሆነች አልጠየቀኝም። ሁለት ክረምት ዝናቡ ከድቶን ጎተራችን ባዶ ነው። እኔ ግን ነፃ ትምህርት አግኝቼ ባሕር ልሻገር ነው። ደስ ብሎኛል፣ ግን ደስታዬን ለማን ላሳይ?

አቀስታ

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከዚህ ወዲያ የጭነት መኪና አለ። አባቴ ግንባሬን ስሞኝ በቅሎዋን እየሳበ ተመለሰ። ሾፌሩ ጋሽ ይማም «ና ልጄ፣ ጋቢና ግባ፤ ላዩ ላይ ትደርቃለህ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ

ከተማው መግቢያ ላይ ጋሽ ይማም ፍጥነቱን ቀነሰ። መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ነው፤ የተቀመጠ፣ የተጋደመ፣ ፊቱ የተሸፈነ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ታየናለች፤ እጇን እንኳ አልዘረጋችም።

«ጋሽ ይማም፣ እነዚህ ከየት ናቸው?»

«ከዚሁ ከኩታበርም፣ ከቆላውም ከደጋውም ነው። ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ስመላለስ ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ፔኪንግ

ከአውሮፕላን ስወርድ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሸተተኝ። መንገዱ የእርሻ ማሳ ያህል ይሰፋል፤ መኪና ጥቂት፣ ብስክሌት እንደ ጎርፍ። ወንዱም ሴቱም ሰማያዊ ለብሷል። ከሁሉ የገረመኝ ጥቅል ጎመኑ ነው። ለብርዱ ወራት ተብሎ በየመንገዱ ዳር እስከ ደረት ተከምሯል፤ አላፊው ዞር ብሎም አያየውም። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

አስናቀ የሚባል ያገሬ ልጅ ቀድሞኝ መጥቶ እዚሁ ይማራል። ተቀብሎ ካፖርት አለበሰኝ። ማታ ለእንግዳ መቀበያ እራት ስንሄድ ጆሮዬ ሥር «ራብ ገባ የሚሉትን ወሬ እዚህ እንዳታነሣ» አለኝ። «ሀገር ቤት መንግሥት ጆሮ ከደረሰ ትምህርቱን ይነጥቁሃል።»

ሩዝ፣ ዓሣ፣ ትኩስ ዳቦ ቀረበ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ በአንዲት አስተርጓሚ በኩል ጠየቁኝ።

«የዘንድሮ አዝመራ እንዴት ነው?»

አስናቀ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«አዝመራ የለም» አልኩ። «ሰው በራብ እያለቀ ነው። በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

አስተርጓሚዋ ደነገጠች። «እንዲሁ ልንገራቸው?»

«እንዲሁ ንገሪያቸው።»

ሽማግሌው የሚበሉበትን ቀጫጭን እንጨት አስቀመጡ። «እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴን በራብ ቀብሬያለሁ» አሉ። ከገበታው እጁን ያልሰበሰበ አልነበረም።

በአውቶቡስ ስንመለስ አስናቀ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። የተቆጣኝ መሰለኝ። ከመውረዳችን በፊት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ካየሃቸው መካከል ከኩታበር የመጣ ሰውም ነበር?» አለኝ። «እናቴ እዚያ ናት።»

«ነበር፣ አስናቀ።»

መውረጃችን ደረሰ፤ አልተነሣም። አውቶቡሱ ይዞን አለፈ። በሁለት እጁ እጄን ይዞ፣

«በል ንገረኝ» አለ። «አንድም አታስቀርብኝ።»