በሁዳዴ የወፈረው ሕሩይ

ሕሩይ ቁመቱን ከማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። እናቱ አሰፋሽ አትላንታ አጠገብ ዶራቪል ባለው ግሮሰሪዋ ከላይኛው መደርደሪያ ሽሮ ለማውረድ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ናት። እሱ ግን ገና ሃይስኩል እያለ በር ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ነበር፤ ከትሕትና እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ቅርጫት ኳስ ሞከረ። ገና ሳያልበው በፋውል ይባረራል፤ የተጋጣሚ እናቶች ስሙን መጥራት እንኳ ሳይችሉ ይረግሙታል። ይኼን ያየ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ጠራውና፣ አንተ በምትባረርበት ነገር እኛ ጋ ይጨበጨብልሃል አለው። ታይት ኤንድ አደረገው። ታይት ኤንድ ማለት ግማሹን እንደ ወፍራሞቹ ሰው ሲገፋ፣ ግማሹን እንደ ፈጣኖቹ ሮጦ ኳስ ሲቀልብ የሚውል፣ ከሁለቱም ወገን የማይቆጠር መከረኛ ነው። አሰፋሽ አንድ ጨዋታ አየችና፣ ይኼ ሁሉ ሰው ተደራርቦ የሚወድቀው ምን ጠፍቶበት ነው ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ኮሌጅ በነጻ ተማረበት። ጣጣው የመጣው በመጨረሻው ዓመት ነው። የፕሮፌሽናል ቡድን መልማዮች ኮሌጁ ድረስ መጥተው ልጆቹን የሚመዝኑበትና የሚያስሮጡበት ቀን አለ። ሕሩይ ይሮጣል፣ ይቀልባል፤ ግን ቀጭን ነው። አሰልጣኙ ቁርጡን ነገረው፤ በዚህ ኪሎ ከሄድክ ማንም አይወስድህም፣ ብላ አለው። ቀኑ ደግሞ የት ዋለ? ሁዳዴ መሃል! አሰፋሽ ቤት በሁዳዴ እንቁላል ቀርቶ የእንቁላል ሥዕል አይገባም። ያንን የሚያህል አጥንት በጎመንና በሽሮ ሥጋ ማልበስ ደግሞ ዘበት ነው።

ሕሩይ ምን አደረገ? ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለ የኮሪያ ጥብስ ቤት ጓሮ መኪናውን ፓርክ እያደረገ ሥጋውን ይጠቀጥቀው ጀመር። ሐበሻ አያየኝም ብሎ! አትላንታ ተቀምጦ! ሳምንት ሳይሞላው የእናቱ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ የምስራች፣ እሷ እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ ያልተጠየቀችው ማለት ነው፣ አፉ ጥብስ እንደሞላ አገኘችው።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት ገባ። እናቱ ትጮሃለች ብሎ ሲጠብቅ እራቱን አቀረበችለት፤ ያ ነው ያስፈራው። በማግሥቱ የንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ተመለሰች። አባ ምን እንዳሏት አልተናገረችም። ፍሪጁን ከፍታ እንቁላል ደረደረችበት።

"አንተ ብላ" አለችው። "ያንተን እኔ እጾምልሃለሁ።"

ቀልድ መስሎት ሳቀና መጥበሻውን አወጣ። እሷ ግን የምሯን ነው። የራሷን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ የሱን ደግሞ ከዚያ ቀጥላ ጀምበር እስክትጠልቅ ትገፋዋለች፤ ባንኮኒውን ተደግፋ ለደንበኛ ሒሳብ ትመልሳለች። ልጁ ከመብላትና ብረት ከማንሳት ውጪ ሌላ ነገር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

ሚዛን ላይ ወጣ፤ አለፈ። ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት ቀን ግን ስሙን የጠራ የለም። ሁሉም ሲያልቅ አንዱ ደውሎ፣ ለልምምድ ና፣ ከቻልክ ትቀራለህ አለው። የአሜሪካውን በጋ ሙሉ ሲገፋና ሲገፉት ከረመ። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ቡድኑ ትርፉን ልጅ ሲያሰናብት ሕሩይ ቀረ!

ይኼን ብሥራት ይዞ ሱቋ መጣ፤ እናቱን እንደ ልማዱ ብድግ አደረጋት። ሁልጊዜ፣ ኧረ ወገቤን እያለ ያሾፍባት ነበር። አሁን ባዶ ቀሚስ ያነሳ መሰለው። ቀስ ብሎ አስቀመጣት። ፍልሰታንም እንደዚያው እንደጾመችለት ያኔ ገባው፤ ደነገጠ፣ በራሱም አፈረ።

"ማሚ፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩም። ከኔ የጎደለው አንተ ላይ ነው ያለው" አለች፤ ክንዱን ጨበጥ አድርጋ። "አደራ፣ ማንም መሬት ላይ እንዳይጥልብኝ።"

ያ ግዙፍ ሰውዬ ሽሮ መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በመጀመሪያው ግፊያ፣ አንድ ጎረምሳ በጀርባው ዘረረው። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ሳቀበት፤ ሕሩይ የፈራው ግን መሃላቸው የተቀመጠችውን አንዲት ሴት፣ እናቱን ነው። አፉ የገባውን ሣር እየተፋ ተነሳ። ወደ መቀመጫዎቹ ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም፤ ቀጥሎ የመጣበትን ሁሉ ሲገፋ አመሸ።