ማንም ያልፈለገው የማንጎ ካርታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል በሬ ተንኳኳ... ስከፍት የልጄ ጓደኞች ሰኢድና ሀያት ቆመዋል። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ስልክ ላይ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

ልጄ ከድር፣ አላህ ይርሀመውና፣ ባለፈው ዓመት ታሞ ከተለየን ወዲህ እነዚህ ልጆች ቤቴን ረስተውት ነበር። ክፋት የላቸውም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚሉት ይጠፋቸዋል። ድሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኔ የእነሱ ነበር። ከድር ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሥዕል እያወጡ የሚዋጉበት የውጭ አገር የካርታ ጨዋታ ተምሮ መጣ። ዋናው ካርታ እዚህ ስለማይገኝ በወፍራም ወረቀት ላይ ራሱ እየሳለ ሠራው። አገራችንን በሙሉ አስገባበት... ግመሉን፣ ጅቡን፣ ሽንኩርት የጫነውን መኪና፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሳይቀር። ገንዘብ የለበትም እንጂ ቢኖርበት ቤቴ አይገባም ነበር። ሲከራከሩበትና ሲስቁበት የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እትዬ ዘሀራ...» አለ ሰኢድ። «የከድርን ካርታ ልንጠይቅዎት ነበር። እኔ አሁን ባጃጅ የምሠራው ካራቆሬ ነው። ቤትም እዚያው ተከራይቻለሁ። እዚያ ብንጫወትበት ብለን...»

ካርታዎቹ ያሉበት የጫማ ካርቶን ከሄደ እነሱም አብረውት እንደሚሄዱ ገባኝ። እምቢ ለማለት ደግሞ አፌ አልታዘዘኝም።

«አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ተጫወት» አልኩት። «ካሸነፍከኝ ይዘኸው ሂድ። ካሸነፍኩህ ግን ካርታው እዚሁ ይቀመጣል፤ እናንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣላችሁ።»

ሰኢድ ሳቁን ዋጠ። ሀያት ግን አልቻለችም። «እትዬ፣ ይሄን እኮ ከከድር በቀር ማንም አሸንፎት አያውቅም!»

ሀያት ፋርማሲ ነው የምትሠራው። የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግረኝ አድርጋ አስረዳችኝ። መጀመሪያ ከክምሩ የሚስማማኝን መርጬ የራሴን ስብስብ እሠራለሁ፤ እነሱ ደክ ይሉታል። በየተራችን ከደካችን አንድ አንድ እያነሳን እንጫወታለን። እያንዳንዳችን ነፍስ የሚሉት ነጥብ አለን፤ የባላጋራውን ነፍስ መትቶ የጨረሰ ያሸንፋል። ተራው ደርሶ ከደኩ የሚያነሳው ካርታ ያጣ ደግሞ ይሸነፋል።

«የመጨረሻው ግን ደርሶ አያውቅም፣ አያስቡበት» አለችኝ።

ምንጣፉ ላይ ዘረገፍነው። ሰኢድ የሚመታ የሚመታውን ለቀመ። እኔ ጅቡን አነሳሁና መለስኩት።

«ምነው እትዬ? ጅብ እኮ ጠንካራ ነው።»

«ቤቴ የመጣን እንግዳ በጅብ ላስነክስ?»

ሥዕሉ ደስ ያለኝን መረጥኩ። የጣርማ በር ጭጋግ... ሊመታኝ የመጣ መንገድ ይጠፋዋል። የሾላ ጥላ... እሱ ሲወጣ ሁሉም አንድ ዙር ያርፋል። ከሁሉም የወደድኩት ግን ማንጎውን ነው። ከድር ቢጫና ቀይ ቀብቶ አሳምሮታል። ከሥሩ «ባላጋራህ ከደኩ ሦስት ካርታ ያንሳ» ይላል። ማንጎ በብዛት ነበር፤ አንድም አልተውኩ።

ሰኢድ አላስቻለውም። «እትዬ፣ ማንጎ እኮ የሚጠቅመው ጠላትን ነው! ከድር ሲስለው ስንስቅበት ነበር። ደኩ ውስጥ ያስገባው ሰው የለም።»

«አንተ ጠላቴ ነህ እንዴ?»

ደኩን በወዘ።

ጀመርን። ግመሉን አወጣ፤ ማንጎ ሰጠሁት። ጅቡን አወጣ፤ በጭጋግ አስቀረሁትና ሌላ ማንጎ ሰጠሁት። እጁ በካርታ ሞላ።

«ሰኢድ፣ ወፈርክ እኮ!» አለች ሀያት።

የሽንኩርቱ መኪና ግን አገኘኝ። ነፍሴ ግማሽ ሆነ... ቀጥሎ ጥቂት ብቻ ቀረኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ካርቶኑን ባጃጁ ላይ አስቀምጦ በካራቆሬ መንገድ ሲነዳ ታየኝ። ልምታው ብልስ በምን? አንድም የሚመታ ካርታ አልያዝኩም። የማውቀውን ቀጠልኩ።

«እንካ ማንጎ።»

«በቃኝ እትዬ! እጄ አልያዘልኝም።»

«ብላ... ማለቴ፣ ውሰድ። በሞቴ!»

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ከለቅሶው ወዲህ በዚህ ቤት «በሞቴ» ብዬ ማንንም አጉርሼ አላውቅም። የሀያት ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ግን ሳቄ መጣ... ወላሂ፣ ሳቄ መጣ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ያንሳ ይላል፣ ያንሳ!»

ሰኢድም እየሳቀ አነሳ። በሚቀጥለው ተራዬ ጥላውን ዘረጋሁለት፤ ከነጅቡ አረፈ። ከዚያ የመጨረሻውን ማንጎ ሰጠሁት... አነሳ። ተራው ሲደርስ እጁን ወደ ደኩ ሰደደ።

የነካው ምንጣፉን ነው።

ሀያት ብድግ ብላ ጮኸች። «አለቀበት! እትዬ በጥጋብ ጣሉት!»

ሰኢድ እጁ ላይ የተከመረውን ካርታ አየ፤ ባዶውን ምንጣፍ አየ። ከዚያ አንዱን ማንጎ አንስቶ ብዙ ጊዜ አገላበጠው።

«ከድር... ይሄን አውቆ ነው እንዴ የሳለው? ከማን አየው?»

ከድር ትንሽ ልጅ ሆኖ ጓደኞቹ «ጠገብን እትዬ» እያሉ ሲለምኑኝ፣ እኔም አልሰማ ብዬ ስጨምርላቸው፣ ከበሩ ጥግ አፉን ይዞ የሚስቀው እሱ ነበር።

ካርቶኑ ቦታው ተመለሰ። ሰኢድ ባጃጁን እያስነሳ «ለቅዳሜ ይዘጋጁ እትዬ! ማንጎ ግን ተከልክሏል!» ብሎኝ ሄደ።

እሺ ብያለሁ... አሁን ቁጭ ብዬ ፓፓያ እየሳልኩ ነው።